ከእንግሊዝኛው በላይ የጻፍኩት ፊደል

ተማሪዎቼ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንና የባዮሎጂውም የፊዚክሱም ረጃጅም ቃል በአንዴ ይወርድባቸዋል። እኔም የእንግሊዝኛ መምህራቸው ነበርኩና ላቀልላቸው ብዬ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ከበላዩ በእኛ ፊደል እከፋፍለው ነበር፦ ፎ-ቶ-ግ-ራ-ፊ፤ ኤ-ሌ-ክ-ት-ሪ-ሲ-ቲ። ሁሉንም እኩል እያስረገጥኩ በጋራ አስጮኻቸዋለሁ። ክፍሉ ሲያስተጋባ የገባቸው ይመስለኝ ነበር።

የእንግሊዝኛ ክፍለ ቃላት ግን እኩል አይደሉም። አንዱ ጎላ፣ ረዘም ይላል፤ ሌሎቹ ያጥራሉ፣ ይደበዝዛሉ። ቅጥያ ሲጨመር ደግሞ የሚጎላው ቦታውን ይለውጣል። ፎቶግራፍ ላይ የሚጎላው "ፎ" ነው። ፎቶግራፊ ሲሆን ወደ "ቶ" ይሻገርና "ፎ" ራሱ ወደ "ፈ" ይወርዳል። ፎቶግራፊክ ላይ "ግራ" ይረከበዋል። በ"ሽን"፣ በ"ኢክ" እና በ"ኢቲ" የሚያልቁ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የሚያጎሉት ከቅጥያው በፊት ያለውን ነው፤ ኤሌክትሪክ ላይ "ሌክ"፣ ኤሌክትሪሲቲ ላይ "ትሪ"። ይህችን ብቻ ነግሬያቸው ቢሆን ስንቱን ቃል በራሳቸው በተወጡት ነበር።

አንዲት ተማሪ ምንባብ ስታነብ "ቶ"ን አጉልታ "ፈቶግረፊ" አለች። አስቆምኳት።

"ሰሌዳውን እዪ እንጂ! ፎ-ቶ-ግ-ራ-ፊ።"

"ቲቸር፣ ሬዲዮ ላይ እንዲህ ሲሉ ሰምቼ ነው።"

ልጆቹ ሳቁባት፤ እኔም ዝም አላሰኘኋቸውም። እንደኔ አድርጋ ደግማ አነበበችና ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ላንብብ ብላ እጇን አላወጣችም።

መዝገበ ቃላቱ እኮ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ከሚጎላው ክፍለ ቃል ፊት የምትቆመዋን ትንሽ ጭረት ዘወትር አያታለሁ፤ ትርጉሙን ብቻ ወስጄ እዘጋዋለሁ። ይበልጥ የሚቆጨኝ፣ ነገሩን ለማስረዳት የራሳችን ቋንቋ ይበቃ ነበር። "ገና" ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ደግሞ ያልደረሰ ነገር፤ ፊደሉ አይነግረንም፣ የሚለየው ጆሯችን ነው። እንግሊዝኛም ጽሕፈቱ የማያሳየው ነገር አለው ብላቸው ወዲያው በገባቸው።

አሁን ረጅም ቃል ሳስተምር ከሚጎላው ሥር አሰምራለሁ፣ ሌላውን አለስልሰው እንዲያልፉት አደርጋለሁ። የዚያች ልጅ ነገር ግን አልወጣልኝም። ጭረቷ ምን እንደሆነች የተረዳሁት ልጅቷ ከፊቴ ተቀምጣ ሳለች ነው። በክፍሉ ፊት "ልክ ነበርሽ" ማለት ነበረብኝ። መምህሩ ተሳሳተ እንዳይባል ፈራሁ፤ ዓመቱ አለቀ፣ ሳልነግራት ተለያየን።