የቆቦ ዘናጭ ሂሳብ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንላለን። ሱሪ ላይ ግን ማንም እንዲህ አልፈረደም። የልብስ ወጪን በሴት ስም መዝግበን ወንዱን በነፃ አሰናብተነዋል። ጥር ላይ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ተጉዞ ቆቦ የወረደ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ለአዲስ ጫማው አቧራ እየፈራ የሚራመደው፣ የሱቅ መስታወት ባገኘ ቁጥር ቆም ብሎ ኮሌታውን የሚያስተካክለው፣ ለፎቶ ከጓደኛው ኮት የሚዋሰው ወንዱ ነው።

*

የሥነ ልቦና ሊቁ ጄ. ሲ. ፍሉጌል እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው የአለባበስ ጥናቱ፣ የአውሮፓ ወንድ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ጌጡን ለሴት ትቶ ድምቀት የሌለው ልብስ ውስጥ እንደገባ ጽፏል። ፍሉጌል ቆቦ ስላለችበት ስለ ራያ አልጻፈም። የራያ ጎበዝ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ቅቤ አስነክቶ፣ ሚዶውን እዚያው ፀጉሩ ላይ ሰክቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ነው ገበያ የሚወጣው። ጌጡን ለማንም አልተወም።

ጎፈሬ ሲያዩት ገንዘብ የማይጠይቅ ፋሽን ይመስላል። ዋጋው ግን በብር ብቻ አይቆጠርም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአርበኛ ምልክት ነበር፤ ጦርነት ባለበት አገር ዛሬም ፀጉር ወገን ያስቆጥራል። ልጁ ያሳደገው ለመልኩ ብሎ ይሆናል፤ የሚያየው ሰው የሚተረጉመው ግን በራሱ ፍርሃት ነው።

*

ቆቦ ቆላ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ፀሐይዋ ሳትቆጥብ ትወርዳለች። ጋቢ ግን በቀትርም ከትከሻ አይወርድም፤ ሥራው ማሞቅ ብቻ አይደለምና። ሽማግሌ መሆንን፣ ባለትዳር መሆንን፣ ቤት ውስጥ የምትፈትል ሰው መኖሯን ይናገራል።

የአንድ ጋቢ ጥጥ ይዳመጣል፣ ይባዘታል፣ በእንዝርት ይፈተላል። ይህን ሁሉ የምትሠራው ሴት ናት። ከዚያ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ለባሹን «ስንት ፈጀብህ?» ብትሉት የሸማኔውን ዋጋ ይነግራችኋል። «ፈትሉስ?» ብትሉት «እሱማ የቤት ነው» ይላል። አራት እጥፍ ከሆነው ጋቢ ውስጥ ዋጋ የወጣለት የሸማኔው ድርሻ ብቻ ነው። የእናትና የሚስት ክረምት ሙሉ እንዝርት «የቤት» ተብሎ ከሂሳብ ውጭ ይቀራል።

*

የሱሪ ታሪካችን የመጥበብና የመስፋት ታሪክ ነው። ተፈሪ ሱሪ ከላይ ሰፍቶ ከጉልበት በታች ይጠብ ነበር። ቤልቦተም ነገሩን ገልብጦ ከላይ አጥብቦ ከታች አሰፋው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በፓሪሱ ዲዮር ቤት ኤዲ ስሊማን ወንዱን እንደ ሸምበቆ ቀጥ አድርጎ የሚያሳይ ቀጭን ልብስ ሠራ፤ ዓለም ተከተለው። ያ ጥበት መርካቶን አቋርጦ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዓመታት ፈጅቷል። ያኔ በረንዳ ላይ ሲንጀር የዘረጋው ልብስ ሰፊ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው «አጥብልኝ» የሚል ነበር።

አሁን ደግሞ ወጣቱ ባጊ ይዞ መጥቷል፤ ልብስ ሰፊውንም «አስፋልኝ» ይለዋል። ተቆርጦ የተጣለው ጨርቅ ከየት ይምጣ? አንዳንዱ ልጅ ትናንት የሳቀበትን የአባቱን ሱሪ ከሳጥን አስወጥቶ ይለካል። አባትየው ሳይንቀሳቀስ ፋሽን ዞሮ ደረሰበት። ሲጠብም ሲሰፋም ያተረፈው ባለሲንጀሩ ነው።

*

የገጠሩ ልጅ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚያወልቀው ቁምጣውን ነው። የከተማው ልጅ ለክሊፕ «ራያ» ሲጨፍር መጀመሪያ የሚፈልገው ቁምጣ ነው። አንዱ «ገጠሬ» እንዳይባል ከፍሎ ያወልቃል፤ ሌላው «ባህሉን አክባሪ» እንዲባል ከፍሎ ይለብሳል። ያው ቁምጣ ነው፤ ማሽላ ማሳ ውስጥ ድህነት ይባላል፣ ካሜራ ፊት ቅርስ ይባላል።

*

ከየትኛውም ልብስ ቶሎ የሚያረጀው ማሊያ ነው። ጨርቁ ሳይነካ ተጫዋቹ ይሸጣል፣ በዓመቱም አዲስ ማሊያ ይወጣል። የአርሴናልን ማሊያ አስቡት። ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓመታት ደረቱ ላይ «ፍላይ ኤምሬትስ» የሚል ተጽፎበት ኖሯል፤ በኤምሬትስ ብረሩ ማለት ነው።

ከዚህ ቆላ ወደ ዓረብ አገር የሚወጣው ልጅ ግን አይበርም። አፋርን ያቋርጣል፣ ጅቡቲ ይገባል፣ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል፣ ከዚያ የሳዑዲን ድንበር በሌሊት ይሞክራል። ደረቱ ላይ የአየር መንገድ ማስታወቂያ ለብሶ በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ ነው። ለማስታወቂያው የከፈለውም ራሱ ነው።

*

ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ወሎም ልጆቹን ተቀበለ። ከዓረብ አገር የሚመጣን ሰው ሰፈሩ የሚመዝነው በልብሱ ነው፤ ሰዓቱ፣ ጫማው፣ የጃኬቱ ዚፕ ሳይቀር ይታያል። ስለዚህ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ከማንም በላይ መልበስ አለበት። ያገኘማ በነጠላ ጫማም ቢመጣ ያምርበታል። ብዙ ጊዜ «አባካኝ» የምንለው ወጣት ብር ያለው ሳይሆን ብር እንደሌለው እንዳይታወቅበት የሚሸሽ ነው።

*

ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው። ሳልቫጅ ግን በየገበያው ተዘርግቶ ይታያል። ምንጣፉ ዙሪያ ቁጢጥ ብለው የሚያገላብጡትን ወጣቶች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የኮሌታ ምልክት ያነባሉ፣ ስፌት ይቆጥራሉ፣ ዚፕ ይስባሉ፣ ጨርቅ በጣታቸው ያሻሉ። ቡቲክ ውስጥ የተሰቀለው አዲሱ «አዲዳስ» ፌክ መሆኑን ያውቃሉ፤ ምንጣፍ ላይ የወደቀው አሮጌ ኦርጅናል መሆኑንም ያውቃሉ። አንድ ሰው አውሮፓ ውስጥ የሰለቸውን ጃኬት የጨርቁን ጥራት አክብሮ የሚለብሰው የቆቦ ልጅ ነው። ይህን ዓይን ትምህርት ቤት ቢያስተምረን በተመረቅን ነበር።

*

ሠርግ በጥር ነው፤ ማሽላው ተወቅቶ፣ ጎተራው ሞልቶ። የሙሽራው ሙሉ ልብስ ከሱፍ ነው፤ ከውስጡ ሰደርያ፣ ከአንገቱ ከረባት አለ። ሚዜዎቹም እንዲሁ። ይህ ልብስ ለብርድ አገር የተሰፋ ነው። የቆላው ሙሽራ ላቡን በመሀረብ እየጠረገ ፎቶ ይነሳል። ብዙው ኪራይ ነው፤ እሑድ ማታ ይመለሳል። አልበሙ ግን አይመለስም፤ እዚያ ውስጥ ለዘላለም ባለሱፍ ሆኖ ይኖራል። ሙሽራዋን «ሜክአፕ አበዛች» ብሎ የሚያማ እድምተኛ ስለ ሰደርያው ቃል አይተነፍስም።

*

ከወንድ ጌጥ ሁሉ ውዱ በልብስ ሱቅ አይሸጥም። ክላሽና ዝናር ነው። በሬ የተሸጠበት፣ የእህል ዋጋ የገባበት ጌጥ ነው። «መከላከያ ነው» ይባላል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ደጋግሞ የተመላለሰባት ከተማ ይህን ብትል ማን ይፈርድባታል? ሠርግ ላይ ተወልውሎና በአዲስ ማንገቻ ታጥቆ የሚወጣውን ሳይ ግን፣ መከላከያ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል መወልወል ባላስፈለገው እላለሁ።

*

በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከመሬት በታች ውኃ ወጥቶ መስኖ ከተስፋፋ ወዲህ ገበሬው ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። ሽንኩርት ሲወደድ ቡቲክ ይሞላል፤ ሽንኩርት ሲረክስ ባለቡቲኩ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ዳማ ይጫወታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በቀናት ውስጥ መቶን አለፈ። የጂንሱም ዋጋ አብሮ ወጣ። ሽንኩርት ግን በዶላር አይሸጥም።

*

በዚህ ሁሉ መሃል የልጁ አለባበስ አልቀነሰም፤ ዱቤ አለ። ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ ግን ለሁሉም አይሰጥም። «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎም አይጀምርም፤ አብዛኛው ሥራ እንደሌለው ያውቃል። የሚጠይቀው «እህትህ የት ናት?» ብሎ ነው። ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለች እህት ካለችው ጫማው ይጠቀለልለታል፤ ከሌለችው «ነገ ና» ይባላል።

ልጅቷ በሰው ቤት ወለል እየወለወለች ብር ትልካለች፤ ወንድምየው ያንን ለብሶ «ራሱን የቻለ ጎረምሳ» ተብሎ ይመሰገናል። ለእሷ ቀሚስ የሚላክ ዱቤ ግን የለም። ባለሱቁ ከሰፈሩ ሁሉ የተሻለ ሂሳብ ያውቃል፦ የለባሹን ቁመት ለክቶ፣ የከፋይዋን አቅም መዝኖ ይሸጣል።