የአያታችን ምንሽር

ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ባለፈው እሁድ ደውሎ ስለ ጠመንጃ ሲሰብከኝ አመሸ። እዚያ ሄዶ ሁለት ሽጉጥ ገዝቷል። (እዚህ እያለ ዶሮ ማረድ እንኳን ይፈራ ነበር፤ ይሄ ይያዝልኝ።) «መንግሥት መጀመሪያ መሣሪያህን ይመዘግባል፣ ቀጥሎ ይሰበስባል፣ ከዚያ እንደፈለገ ይረግጥሃል። ሂትለርም ያደረገው ይሄንኑ ነው» አለኝ።

ሂትለሩን ቶሎ ልጨርሰውና ወደ ሰፈሬ ልመለስ። በፈረንጆቹ 1938 የወጣው የናዚ የጦር መሣሪያ ሕግ ለአብዛኛው ጀርመናዊ ነገሩን አላላው እንጂ አላጠበቀውም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ግን አይሁዳውያን ምንም ዓይነት መሣሪያ እንዳይዙ ተከለከሉ። ሁሉንም ትጥቅ አላስፈታም፤ መርጦ ነው ያስፈታው።

ደርግም መርጧል። አያታችን አንድ ምንሽር ነበረው። ከጣሊያን የማረከው ነው ይባላል፤ እናቴ እንደነገረችኝ ግን በሬ ሸጦ የገዛው ነው። መጋቢት 1969 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ ሲጀመር በላስቲክ ጠቅልሎ ዶሮዎቹ የሚያድሩበት ስር ቀበረው። ቤቱን ሊፈትሹ ከመጡት አብዮት ጠባቂዎች አንዱ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ እናቴ እንደምትለው ያነገተው ጠመንጃ ከቁመቱ ይረዝም ነበር። እዚያው ቤት እንጀራ በልቶ ያደገ ልጅ ነው። አያታችንን «አባባ» እያለ ፍራሹን በሳንጃ ቀደደው።

ምንሽሩን አላገኙትም። ሚያዝያ ላይ በሌሊት ተመልሰው መጡና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረውን አጎታችንን ወሰዱት። አልተመለሰም።

እንግዲህ ልብ በል ወንድሜ፣ የአያታችን ቤት ትጥቅ አልፈታም። ሕጉ እዚያ ቤት ከሽፏል። ያም ሆኖ ልጁን ወሰዱበት። እናቴ አድጋ፣ ለምን ጠመንጃውን አላወጣህም ብላ ጠይቃው ነበር። «ማን ላይ ልተኩስ? ጎረቤቴ ልጅ ላይ? ደሞስ ውስጥ አምስታችሁ ነበራችሁ» አላት። በዚያ ሌሊት ጉልበት የነበረው ምንሽሩ አልነበረም። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማታ ስንት ሰዓት እንደሚገባ የሚያውቀው ጎረቤት ነበር፤ ቀበሌው ደግሞ ያስታጠቀው እሱን ነው።

የአክስቴ ልጅ ግን በዋዛ አይለቅም። «ደርግን የጣለው ታዲያ ምንድነው? ጸሎት?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እዚህ ላይ ያዘኝ። በ1967 በጥቂት አሮጌ ጠመንጃ ጫካ የገቡት ናቸው በግንቦት 1983 ቤተ መንግሥት የደረሱት። ግን አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀ፤ የመጣውም በጠመንጃ ስለመጣ ሃያ ሰባት ዓመት ተቀመጠ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጣሪ ኮሚሽኑ የተገደሉ 193 ሰላማዊ ሰዎችን ቆጠረ። «አየህ፣ ታጥቀው ቢሆን!» አለኝ ወዲያው። ታጥቀው ቢሆን ቁጥሩ 193 ላይ የሚቆም አይመስለኝም። በ2008 ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ እጁን አጣምሮ ያሳየው ምልክት ግን ጥይት አልነበረውም፤ በ2010 ለመጣው ለውጥ ከመንገድ ላይ ተቃውሞው የበለጠ ድርሻ ያለው ጠመንጃ አላውቅም።

ይሄን ስል ትጥቅ ፍቱ ሲባል ሁሉም ዝም ብሎ ያስረክብ ማለቴ አይደለም። በ2012 የወጣውን የጦር መሣሪያ አዋጅ፣ ቁጥር 1177ን፣ በወረቀት ደግፌው ነበር፤ ዛሬም ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ያስፈራኛል። ግን በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ሲባል አማራ ክልል ውስጥ የሆነውን አይተናል። «እኔ ስፈታ ጎረቤቴም ይፈታል ወይ?» ለሚለው የሚታመን መልስ ያላገኘ ሰው አዋጅ ስለተነበበለት ብቻ አያስረክብም። አልፈርድበትም።

ሊዘጋው ሲል «ለመሆኑ ምንሽሩ የት ደረሰ?» አለኝ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አያታችን ቆፍሮ አወጣው። ላስቲኩ ተቀዷል፣ ሰደፉን ምስጥ በልቶታል፣ ብረቱ ዝጓል። አያታችን ሲያርፍ ሴት አያታችን ከአሮጌ ድስት ጋር ደርባ ለቁራሌው ሰጠችው።

«በስንት?» አለኝ።