የሚፈታ ብረት

ካምቢዮው ክሪክ ላይ እንደተቀመጠ ሦስት ቀን አደረ። እኔና አባዬ ስላልተስማማን ነው።

መኪናዋ አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ ነች። የቤንዚን ሞተሯ ሲሞት ከአዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ የናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው ገዝተን ቆቃ አመጣን። ሞተሩ ብዙም ሳያስቸግር ገባ። ካምቢዮው ግን ከድሮው በአንድ ስንዝር ይረዝማል፤ ጭራው የሻንሲውን አግዳሚ ብረት አልፎ ባዶ ላይ ቀረ። አዲስ መቀመጫ መሥራት የግድ ሆነ።

የኔ ሐሳብ አጭር ነበር፦ ወፍራም ብረት ቆርጦ፣ ግራና ቀኝ ሻንሲው ላይ በይዶ፣ ካምቢዮውን ላዩ ላይ ጥርቅም አድርጎ ማሰር። ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሽንኩርት እየተነቀለ ነው፤ መኪናዋ የቆመችበት ቀን ሁሉ ኪሳራ ነው።

አባዬ «ፍሪሲዮኑ ሲያልቅስ?» አለኝ።

ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። አግዳሚው ከተበየደ የሚፈታ ቡሎን የለም፤ መቁረጥ ነው ያለው። ዝም አልኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም ያልኩት ለዚያ ብቻ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት የሰው መኪና ላይ እንዲሁ አድርጌ ነበር። ጎማ የለ፣ ምን የለ፤ ብረት በብረት። የጫነ መኪና ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው ይጠማዘዛል። መሀል ላይ ጎማ ካለ ይውጠዋል፤ ከሌለ ጫናው በሙሉ የሚያርፈው የካምቢዮው አሉሚኒየም ላይ ነው። ከመቂ ቲማቲም ጭኖ ሲመለስ ሞጆ ሳይደርስ ተሰነጠቀ። ዘይቱ ፈሰሰ፣ ቲማቲሙ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። ካሳውን የከፈለው አባዬ ነው። ከየት አምጥቶ እንደከፈለ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የእማዬ ላም ግን ከዚያ ሳምንት በኋላ በረት ውስጥ አልነበረችም።

ካሳ የሚለው ቃል እኛ አገር ሌላም ታሪክ አለው። የቆቃ ግድብ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቡሎን፣ ዳዶ የምንላቸውም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ያ የሰበረው እንኳን ከፍሏል። እኔ የሰበርኩትን የከፈለልኝ ሌላ ሰው ነው።

በአራተኛው ቀን በአባዬ መንገድ ጀመርን። አግዳሚው በአራት ቡሎን የሚታሰር፣ ካምቢዮው ደግሞ ጎማ ላይ የሚያርፍ ሆነ። ከባዱ ነገር ቁመቱ ነበር። የካምቢዮው ጭራ ጥቂት ዲግሪ ወደ ታች ካዘነበለ የዲፈረንሻሉ አፍ በዚያው ልክ ወደ ላይ መቅናት አለበት፤ ካልሆነ ክሮቸራዎቹ መኪናውን ያንቀጠቅጡታል፣ ቶሎም ያልቃሉ። እኔ በስልኬ ለካሁ፣ አባዬ በቱምቢ። ልዩነታችን አንድ ዲግሪ አይሞላም። ካምቢዮው ስለረዘመ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ዘንግ አዳማ ቶርኖ ቤት ወስደን አሳጠርን።

የመጨረሻውን ቡሎን ሳጠብቅ አባዬ ባትሪ ይዞልኝ ነበር። «አታንቀው፤ ነገ አንተው ራስህ ነህ የምትፈታው» አለ። ስለ ላሟ ያኔም አላነሳም።

ሽንኩርት ሦስት ጊዜ አመላልሰናል፤ ካምቢዮው ድምፅ የለውም። የድርሻዬን ግን እስካሁን አልነካሁትም። ገበያ በዋልኩ ቁጥር ከከብት ተራ ሳላልፍ አልመለስም፤ የወለደች ላም ስንት እንደገባች እጠይቃለሁ።