ማጉን ማን ፈተለው?

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። የአባያ ሐይቅና ሙቀቱ ታች ይቀራሉ፤ ዶርዜ ሲደርሱ ጋቢ ያስፈልጋል። የጎብኚው ካሜራ ቀድሞ የሚዞረው ዝሆን ወደሚመስለው የቀርከሃ ቤትና ወደ ሸማኔው ነው። ሸማኔው ወንድ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ግን በሴቶች እጅ ነው። የመንዝ ሴቶች ለባና የበግ ፀጉር እንደሚፈትሉ ሁሉ፣ የዶርዜ ሴቶች ጥጥ ይፈትላሉ። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ልጅዎ ልሞክር ካለ ክሩ ወዲያው ይበጠስበታል፤ አንዱ እጅ እንዝርቱን ሲያሾር ሌላው ባዘቶውን በልክ መልቀቅ አለበት።

ዛሬ ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። ጋቢውን የሚያለሰልሰውና የሚያሞቀው ማግ ግን የእጅ ፈትል ነው። ጋቢ ደግሞ አራት እጥፍ ነውና ብዙ ልቃቂት ይበላል።

ዶርዜም ሆነ ሽሮ ሜዳ ዋጋ ስንከራከር የምናስበው የሸማኔውን ቀናት ነው። ፈታይዋ ቡና እያፈላች፣ ልጅ እያጫወተች ስለምትሠራ ድካሟ ሥራ አይመስለንም። ቀጣዩን ጋቢ ሲገዙ ማጉን ማን እንደፈተለው መጀመሪያ ይጠይቁ። ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይነጋገሩ።