በሳሙናው መጠቅለያ ላይ ያነበብነው ቃል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ እኅታችን ከሱቅ የገዛችውን ሳሙና ይዛ ወደ ቤታችን መጣች። መጠቅለያው ያማረ፥ ጽሕፈቱም የባዕድ አገር ቋንቋ ነበረና «ጋሼ፥ እስቲ ምን እንደሚል ያንብቡልኝ» አለችን። እኛም መነጽራችንን አድርገን፥ ሳሙናው ማድያትን እንደሚያጠፋ፥ ፊትንም እንደሚያፈካ፥ ጉዳትም ከቶ እንደሌለበት የተጻፈውን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተረጐምንላት። ማንበብ የሚችል ሰው ነገሩንም ያወቀ ይመስለዋል።

ከሦስት ወር በኋላ ፊቷ ቀልቶ ዥጕርጕር ስለ ሆነ ወደ ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ መጠቅለያውን ጠየቀን። አገላብጦም ተመለከተና «የሚያድነውን ሁሉ ጽፈዋል፤ ከምን እንደ ተሠራ ግን አንድ ቃል የለም» አለን። ቆዳ ያነጣሉ በሚባሉ አንዳንድ ሳሙናዎች ውስጥ ባዜቃ እንደሚጨመር፥ ባዜቃም ቆዳን ከማበላሸት አልፎ ኵላሊትን እንደሚጐዳ ያስረዳን ያን ጊዜ ነው። እኅታችን አልወቀሰችንም። ነገር ግን ሐሰቱን የሰማችው በእኛ ድምፅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ይህን የመሰለውን ነገር እንዴት እንደ ተከላከሉት ለማወቅ መጻሕፍት አገላበጥን። በአሜሪካ አገር ከ1849 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ «የወይዘሮ ዊንስሎ ማስታገሻ ሽሮፕ» የሚባል መድኃኒት ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ይሸጥ ነበር። ሕፃኑ ከልቅሶው ዝም ይላል፤ ዝም የሚያሰኘው ግን ሞርፊን ነበረ፤ ተኝቶም ያልነቃ ሕፃን አለ። በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በፈረሙት ሕግ፥ ሞርፊን፥ ኦፒየም፥ ኮኬይን ወይም አልኮል ያለበት መድኃኒት ሁሉ ስሙንና ልኩን በወረቀቱ ላይ እንዲያሳይ ታዘዘ። ሕጉ መርዙን አልከለከለም፤ ስሙን ብቻ አስጠራ። ለእናቲቱ ግን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሻጮችም ቀዳዳ አላጡም። በ1911 የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፥ ሕጉ ስለ ቅመሙ የሚነገረውን ሐሰት እንጂ «ያድናል» የሚለውን ሐሰት አይከለክልም ብሎ ፈረደ። በማግሥቱ ዓመት ሕጉ ተሻሻለ፤ ይሁን እንጂ ሻጩ ሊያታልል ማሰቡን መንግሥት ማስረዳት ነበረበት። ክላርክ ስታንሊ የተባለው ሰው ይሸጠው የነበረው «የእባብ ዘይት» ሲመረመር የማዕድን ዘይት፥ ጥቂት ስብና በርበሬ ተገኘበት፤ እባብስ የለበትም። የተቀጣው 20 ዶላር ነው! እንዲህ ያለ ቅጣት ነጋዴን የሚያስፈራ አይመስለንም።

ወደ ሳሙና ስንመለስ፥ የዚያው አገር የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2016 ትራይክሎሳንን ጨምሮ ተሐዋስያን ይገድላሉ የተባሉ 19 ቅመሞች ለእጅና ለገላ መታጠቢያ ሳሙና እንዳይገቡ ወሰነ። ሠሪዎቹ ከተራ ሳሙናና ከውሃ እንደሚበልጡ ማስረዳት አልቻሉምና። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ከምግብና ከመድኃኒት ጋራ የውበት መጠበቂያዎችን በቍጥጥር ሥር አድርጓል።

የእኅታችን ፊት ድኗል፤ በግራ ጕንጯ ላይ ግን ጥቂት ምልክት ቀርቷል። አሁንም ዕቃ ገዝታ ስትመጣ እንድናነብላት ትሰጠናለች። እኛም የፊቱን ትተን ከምን እንደ ተሠራ የሚናገረውን ትንሹን ጽሕፈት በጀርባው እንፈልጋለን፤ ካጣነውም ሱቁ ሳይዘጋ መልሺ እንላታለን።