ሱቅ በኪሴ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ሀገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርት ይዞታና ስለ ምግብ ቤታችን ሽሮ ቅጥነት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው፤ በኪስ የሚያዝ ነው ብል ይሻላል። ነገሩ አንድ ሙሉ የፎቶግራፍ፣ የድምፅና የቪዲዮ ክምችት ከአሮጌ ኮምፒዩተር ዲስክ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስለ ማዛወር ነው። አንባቢ ሆይ፣ «ይህማ ምን ያጽፋል? ኮፒ ብሎ ፔስት ማለት አይደለም ወይ?» ብለህ ገጹን እንዳትገልጠው አደራ። እንዲህ ያሉኝ ጓደኞቼ ብዙ ናቸው፤ ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሡኝም እነሱ ናቸው።

አገሬ ንፋስ መውጫ ነው። ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚዘልቀውና ሰው ሁሉ «ቻይና መንገድ» በሚለው ጎዳና ላይ ያለች የላይ ጋይንት ከተማ ናት። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ ስሟን ያወጣላት ሰው ከቶ አልዋሸም። በዚች ከተማ አጎቴ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አንዲት ፎቶ ቤት አለችው። ፎቶ ቤት ትባል እንጂ የማትሠራው ሥራ የለም፤ ለመታወቂያ ፎቶ ታነሣለች፣ ሰርግና ክርስትና ትቀርጻለች፣ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ትገለብጣለች፣ ለገበያ ቀን ከገጠር ለሚመጣው ሰው ደግሞ በስልኩ ሚሞሪ ዘፈን ትጭናለች። በዐሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ በአንዲት ዲስክ ላይ የተከማቸው ሁሉ ሲለካ 640 ጊጋ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በየሱቁ የሚገኘው ዘፈን ነው። ስለሱ ብዙ አልናገርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ስለዚህ ዐይነቱ ሥራ የሚለውን የሕግ ተማሪ ጓደኞቼ ያውቁታል፤ አጎቴም ያውቀዋል፣ ግን ስለሱ ሲነሣ ጉዳይ ይበዛበታል። የቀረው ግን በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የሌለው ነው። ያገራችን ማሲንቆ መቺዎች በሰርግ ቤት የገጠሙት፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች በካሴት የተናገሩት፣ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች በየዓመቱ ተሰልፈው የተነሡት፤ ይህን ማንም ኩባንያ አላሳተመውም፣ ማንም ቤተ መጻሕፍት አልመዘገበውም።

ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ በነበረበት ጊዜ፣ ማለት ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሱቋ ባዶዋን ቀረች። ኮምፒዩተሩ ሄደ፣ ካሜራውም ሄደ። አጎቴ ግን አስቀድሞ የኮምፒዩተሩን ሆድ በመፍቻ ከፍቶ ዲስኩን አውጥቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ በቤቱ የገብስ ጎታ ውስጥ ቀብሮት ነበር። «ሰው ወርቁን ሲቀብር አንተ ብረት ትቀብራለህ?» ብላ አክስቴ ሳቀችበት አሉ። ሣቁ የነበረው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በማግሥቱ የሚሳቅበት ጊዜ አልነበረም።

ዲስኩ ከጎታው ወጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ዐራት ዓመት ሠራ። እንዲያውም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም ምክንያት ሞቶ የነበረው የዘፈን ጭነት ሥራ ከሞት ተነሣ። ሰው እንደ ድሮው ሚሞሪውን በጣቱ ጫፍ ይዞ ተሰለፈ። አጎቴ በዚያን ጊዜ «ሲዘጋ እኛ እንከፈታለን» ይል ነበር። እኛ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሁሉን ነገር «ክላውድ ላይ አስቀምጡት» ስንል፣ ደመናው ለኛ አገር መቸ እንደሚገለጥና መቸ እንደሚሸፈን የምናዝበት እንዳልሆነ ረስተን ነው። በበኩሌ እጄ ላይ ያለ ዲስክ ይሻለኛል።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ስሄድ ግን ዲስኩ ታሞ አገኘሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ይህ ድምፅ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ገበታ አለ፤ በላዩም እንደ ሸክላ ማጫወቻ ክንድ ያለ ነገር፣ ገበታውን ሳይነካ ከፀጉር ባነሰ ርቀት ላይ እየተንሳፈፈ ያነባል። ክንዱ የሚፈልገውን ስፍራ ሲያጣ ወደ መነሻው ይመለስና እንደ ገና ይሞክራል፤ ያ ነው ቀጭታው። እንዲህ ያለ ዲስክ ዛሬ ይሙት የዛሬ ዓመት ማንም አያውቅም።

ጠቡ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ከባሕር ዳር የ2 ቴራ ኤክስተርናል ገዝቼ መጣሁ። አጎቴ «መጀመሪያ ዘፈኑን አውጣው፤ እንጀራዬ እሱ ነው፤ ደግሞም ከት አድርገህ አንሣው፣ አሮጌው ይጽዳልኝና እሸጠዋለሁ» አለኝ። እኔ በሁለቱም አልተስማማሁም። «ጋሼ፣ ዘፈኑ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ይገኛል። ሌላ ቦታ የሌለው ይቅደም። ከት የሚባለውንም አልነካውም» አልሁት። ከት ማለት ፋይሉን እያዛወሩ ከመነሻው መሰረዝ ነው። በመካከል መብራት ቢጠፋ አንዱ እግር ከዚህ አንዱ እግር ከዚያ ይሆናል። ኮፒ ግን የመጀመሪያውን አይነካም። አጎቴ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከና «የተማረ ሰው ነገር ያበዛል» ብሎ ተወኝ። ይህ በእኛ ቤት እሺታ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የመጀመሪያው ባለ ዲስክ ማሽን 50 ገበታ ተደራርቦበት፣ አንድ ቶን ገደማ እየመዘነ፣ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበረ። ዛሬ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ያን ማሽን ይሞላዋል። እኔ በጃኬቴ ኪስ ከባሕር ዳር ያመጣሁት ደግሞ እንደዚያ ያለውን 400 ሺህ ማሽን ያህላል። ሱቅ በደረቴ የሚሉትን አይተናል፤ ይህ ሱቅ በኪሴ ነው።

ነገር ግን ኪሱ ቢሰፋም አፉ ጠባብ ነው። አሮጌው ላፕቶፔ ዲስኩን የሚያነብበት ቀዳዳ በሰኮንድ 35 ሜጋ ያህል ቢያሳልፍ ነው፤ በዚህ ሒሳብ 640 ጊጋ 5 ሰዓት ይፈጃል። በተግባር ሦስት ቀን ፈጀብን። አንደኛ፣ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ትንንሽ ፎቶዎች ከጥቂት ትላልቅ ቪዲዮዎች ይልቅ ጊዜ ይበላሉ፤ እያንዳንዱ ፋይል በሩን አንኳኩቶ ነው የሚገባው። ሁለተኛ፣ ኤክስተርናሉ በላፕቶፑ ኀይል ብቻ ሲሠራ፣ ከኮምፒዩተር ሆድ የወጣው ትልቁ ዲስክ ግን የራሱን 12 ቮልት ከግድግዳ ይፈልጋል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቍጥር ላፕቶፑ በባትሪ ዐይኑን ፍጥጥ አድርጎ ሳለ በሽተኛው ይወድቃል። አጎቴ በየጊዜው ወደ ዐምፖሉ እያየ ዳዊቱን ይደግም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከገጠር ቀበሌ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው በጦርነቱ ሞቷል። በቤታቸው የነበረውም ፎቶ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። «ለሚኒስትሪ ፈተና እዚህ ተነሥቶ ነበር፤ ሹራቡን እኔ ነኝ የሠራሁለት፣ አየዋለሁ» አሉ። ዓመቱን ነገሩን፤ 2006 ነው። የዚያን ዓመት ፎልደር ከዐዲሱ ዲስክ ላይ ከፈትን፤ 412 ፎቶ አለበት፣ ስማቸው ካሜራው የሰጣቸው ቍጥር ብቻ ነው። እማማ አንድ በአንድ አዩ። የጎረቤት ልጆች ሲያዩ «ይኸ የእገሌ ነው፣ ይችስ ተድራለች» ይሉ ነበር። 403ቱን አይተው ጨረሱ። ልጃቸው የለም። ዘጠኙ አልከፈት ብለው ከአሮጌው ዲስክ ሳይወጡ የቀሩ ናቸው።

ይህን ጊዜ አጎቴ ዝም ብሎ ቆይቶ «እማማ፣ ልጅዎ ግራኝ ነበር?» አለ። «አዎን፣ የኔ ጌታ።» «እንግዲያስ በ2010 በአንድ ሰርግ ላይ መብራት ይዞልኛል፤ ሽቦዬን ረግጦ ተቈጥቼዋለሁ።» ሰርጉን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ ፎልደሩ «ዐዲስ ፎልደር 14» ይባል ነበርና። በቪዲዮው ውስጥ ልጁ 11 ሰኮንድ ያህል ይታያል፤ መብራቱን በግራ እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ይሥቃል። አንዱን ምስል ለይተን አሳትመን ሰጠናቸው። እማማ በነጠላቸው ጠቀለሉትና ሒሳቡን ጠየቁ። አጎቴ ዐሥር ብር ተቀበለ። በነፃ ቢሰጣቸው ይቀየሙ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተለወጠ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምናዛውረው ፋይል ነበር፤ የፋይሉ ማውጫ ግን በአጎቴ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ እሱን ደግሞ የሚያነብ ሽቦ የለም። ኮምፒዩተሩ ብቻውን እየገለበጠ ሳለ እኔና አጎቴ 100 ሉክ ደብተር ገዝተን ተቀመጥን። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፦ ዐዲስ ፎልደር 14፣ የማን ሰርግ፣ በየት ቀበሌ፣ በስንት ዓመት፣ ማሲንቆውን ማን መታ።

የጋይንት ሰው ይህን ከዲስክ በፊት ያውቀው ነበር። በአገራችን ቤተልሔም የሚባለው ደብር የድጓ ምስክር ቤት ነው፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። ድጓ የሚማር ሰው የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል፣ ያሳርማል፣ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቃሉን ከነዜማው አሰምቶ ካልተመሰከረለት አስተማሪ አይሆንም። የዜማውን ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩለት ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ብራናው ብቻውን አይበቃም፤ የሚያነብለትና የሚመሰክርለት ሰው ይፈልጋል።

በዘመናችንም እንዲሁ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮ ፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ፊልሙን ማንሣት የዓመታት ሥራ ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ ምን እንዳለ መዝግቦ ማውጣት ግን ለፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ። ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያው ተቀምጠው፣ ከዊሊያም ማኮምበር ጋር የተጀመረውን ካታሎግ ጥራዝ በጥራዝ አወጡት። ካታሎጉ ባይኖር ያ ሁሉ ፊልም «ዐዲስ ፎልደር» ሆኖ ይቀር ነበር።

የእኛን ምስክርነት እንዲህ አደረግነው። ኮምፒዩተር ከእያንዳንዱ ፋይል ይዘት አንድ ረጅም ቍጥር አስልቶ ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቍጥሩ ሌላ ይሆናል። የአሮጌውንና የዐዲሱን ዲስክ ቍጥሮች አስተያየን። ከዘጠኙ ፎቶዎችና ከአንድ የክርስትና ቪዲዮ በቀር ሁሉም ገጠመ። ስለ ዘጠኙ ሲል አጎቴ አሮጌውን ዲስክ ከመሸጥ ተወ። አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን የሚጠግን ሰው እስክናገኝ ድረስ በፌስታሉ ተጠቅልሎ ወደ ገብሱ ጎታ ተመልሷል።

አንድ ዐዲስ ዲስክ ብቻ ማለት ደግሞ አንድ ሌባ፣ አንድ ውድቀት፣ አንድ ጽዋ ቡና ማለት ነው። ስለዚህ ዘፈኑን ትተን የቀረውን በሌላ በ500 ጊጋ ዲስክ ገልብጠን፣ እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዤው መጣሁ። በመኝታ ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ካልሲ ውስጥ ነው ያለው። የመኝታ ጓደኛዬ ፊልም ያለበት እየመሰለው ሁለት ጊዜ ለምኖኛል።

ከደብተሩ ገና 214 ፎልደር ስም አልወጣለትም። አጎቴ ማታ ማታ ሱቁን ዘግቶ ትዝ ያለውን በስልክ ይነግረኛል። ባለፈው እሑድ «88 ቁጥርን አገኘሁት፤ ያ ዝናብ የጣለበት የጥምቀት ቀን ነው፣ ጻፍ» አለኝ። ቀጥሎ መሥመሩ ተቋረጠ፤ እኔም ይህን ጽፌ 89ን እየጠበቅሁ ነው።