64 ጊጋ የተባለው ሚሞሪ

ፒያሳ ተወልዶ ላደገ የኔ እኩያ ሚሞሪ ካርድ ማለት መጀመሪያ ዘፈን ማለት ነው። ልጆች ሳለን ኮምፒውተር ያላቸው ትንንሽ ሱቆች እንገባና የጣት ጥፍር የምታህለውን ነገር ሰጥተን ‹‹አዲስ የወጡትን ጫንልን›› እንል ነበር። ስንት ዓይነት እንዳለ፣ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ የጠየቀ ከመሃላችን አልነበረም። አራት ጊጋ ናት ስምንት? ከዚያ ወዲያ እውቀት የለም። እኔም ልዩነቱን የተማርኩት ዘግይቼ፣ ያውም በኪሳራ ነው። ኪሳራው የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች መፍረስ ሲጀምሩ፣ አያቴ የምትኖርበት ዶሮ ማነቂያም ተራው ደረሰው። እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ሆኖም ‹‹ጋዜጠኛ ነው የምሆነው›› እያልኩ ቤተሰቡን ሁሉ ማሰልቸት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ቤቱ ሳይፈርስ ልቅረጸው ብዬ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ።

‹‹ጋሼ፣ ካሜራህን ለሦስት ቀን አውሰኝ።››

‹‹ካሜራውን ውሰጂ። ካርድ ግን የራስሽን ግዢ፤ የኔዎቹ የሰው ሰርግ አለባቸው›› አለኝ።

አጎቴ ፎቶ አንሺ ነው። ከፊልም ወደ ዲጂታል ከተሻገሩት አንዱ ስለሆነ መሳቢያው ሙዚየም ነው ማለት ይቻላል። ያን ቀን አንድ በአንድ እያወጣ አሳየኝ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስፋቱ የክብሪት ቀፎ የሚያህለው ኮምፓክት ፍላሽ ይባላል፤ ሳንዲስክ በ1994 ያወጣው ነው። ካሜራው ውስጥ ሃምሳ ቀጫጭን መርፌዎች አሉና ካርዱን አጣሞ የከተተ ሰው አንዷን ካጠፈ መከራውን ያያል። ከእሱ ቀጥሎ ስማርት ሚዲያ የሚባል እንደ ወረቀት የሳሳ ነገር አለ፤ ከ128 ሜጋ በላይ ያለው ተሠርቶ አያውቅም። የኦሊምፐስና የፉጂፊልሙ ኤክስዲ በ2002 መጥቶ 2 ጊጋ ላይ ቆመ። የሶኒው ሜሞሪ ስቲክ ደግሞ ማስቲካ ይመስላል። ሶኒ ከ1998 ጀምሮ ‹‹የኔን ካሜራ የገዛ የኔን ካርድ ይግዛ›› ብሎ ሲታገል ኖሮ በ2010 ለኤስዲም በር ከፈተ። ‹‹በዚህ ግትርነት ስንቴ ተጨማሪ ብር እንዳወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው›› አለ አጎቴ፣ ዛሬም እንዳልበረደለት ያስታውቃል።

ሁሉንም ያሸነፈው ኤስዲ ነው። በ1999 ፓናሶኒክ፣ ሳንዲስክና ቶሺባ በጋራ አስተዋወቁት። በስልካችን የምናውቃት ማይክሮ ኤስዲ የእሱ ታናሽ ናት፤ ርዝመቷ 15፣ ወርዷ 11 ሚሊ ሜትር። አዳፕተር የምንለው ቅርፊት ውስጡ መገናኛ ሽቦ ብቻ ነው። በትልቁ ካርድ ጎን ያለችው ‹‹ሎክ›› እንኳ (ይህን ስሰማ ስቄያለሁ) ከካርዱ አንጎል ጋር አትገናኝም፤ ካሜራው በአቋሟ አይቶ ‹‹እሺ፣ አልጽፍበትም›› ይላል እንጂ።

ሰው የሚሳሳተው ቅርጹ አንድ ሲሆን ነው። ኤስዲ ብቻ የተጻፈበት እስከ 2 ጊጋ፣ በ2006 የመጣው ኤስዲኤችሲ እስከ 32 ጊጋ፣ የ2009ኙ ኤስዲኤክስሲ እስከ 2 ቴራ ይይዛል። በ2018 ደግሞ እስከ 128 ቴራ የሚደርሰው ኤስዲዩሲ ወጣ። አዲስ ካሜራ አሮጌውን ካርድ ያነባል፣ አሮጌ ካሜራ ግን አዲሱን አያውቀውም። አጎቴ አንድ ጊዜ 4 ጊጋ ገዝቶ ሰርግ ቤት ደርሶ ካሜራው እምቢ ብሎት ሙሽሮቹን አቁሞ ካርድ ፍለጋ ሮጧል። ፍጥነቱም እንደዚሁ ነው። ‹‹ሲ›› ውስጥ ያለችው 10 ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋ ይጻፍበታል ማለት ነው፤ ‹‹ዩ›› ውስጥ ያለችው 3 እና ‹‹ቪ 30›› ቢያንስ 30 ሜጋ። በትልቁ የሚጻፈው መቶ ምናምን ግን አብዛኛውን ጊዜ የማንበቢያው ጣሪያ ነው፤ ለቀረጻ አይጠቅምሽም አለኝ።

ይህን ሁሉ በጥሞና ሰምቼ ወጣሁና ምን ገዛሁ? ላዩ ላይ 64 ጊጋ፣ ኤስዲኤክስሲ፣ 10፣ ዩ 3 የተጻፈበትን ማይክሮ ኤስዲ ከነአዳፕተሩ። ጽሑፉን በሙሉ አነበብኩ። የሱቁን ስም አልጠራም። ዋጋው ግን ከሌላው ቦታ በግማሽ ያነሰ ነበር፤ እኔም በብልጠቴ ኮራሁ!

የመጀመሪያውን ቀን በከንቱ ነገር ጨረስኩት፤ በር፣ ድመት፣ ቆርቆሮ፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አያቴን በሯ ላይ አስቀምጬ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ቪዲዮውን ከፍቼ ጠየቅኳት፤ ግቢው ውስጥ በየክፍሉ ማን እንደነበረ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ዕቁብ ሰብስቦ እንደጠፋ፣ በየትኛው ክረምት ጣሪያው እንደተነቀለ። ከምድጃዋ አጠገብ ያለውን ግድግዳ በመዳፏ እየመታች ነበር የምታወራው። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቹ የመጨረሻውን ቡና አብረው ጠጡ፤ ያንንም ቀረጽኩ። ባትሪ እንዳያልቅብኝ ብዬ ወደ ኋላ ተመልሼ አላየሁም።

ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ስሞቹ ሁሉ አሉ። የመጀመሪያው ቀን ይከፈታል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አይከፈትም።

‹‹ሾርትከት ቫይረስ›› መስሎኝ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ዘንድ ሮጥኩ። እሱ ግን ካርዱን አገላብጦ አየና ‹‹ስንት ገዛሽው እህቴ?›› አለኝ። ስነግረው ዝም አለ። ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ከገለበጠ በኋላ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባል ነጻ ፕሮግራም ካርዱን እስኪሞላ ጽፎ መልሶ አነበበው። ካርዱ 8 ጊጋ ነው።

ያስረዳኝ በቀላሉ ነው። ካርድ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ መረጃው የሚቀመጥበት ፍላሽና እሱን የሚያስተዳድረው ኮንትሮለር። ካሜራው ‹‹ስንት ትይዛለህ?›› ብሎ የሚጠይቀው ኮንትሮለሩን ነው። አጭበርባሪዎች ኮንትሮለሩን ‹‹64›› እንዲል ያደርጉታል። ካሜራው አምኖ ይጽፋል። ስምንቱ ሲሞላ የተረፈው የትም አይቀመጥም፤ የፋይሎቹ ስም ዝርዝር ግን ካርዱ መጀመሪያ አካባቢ ስለሚጻፍ ስሞቹ ይቀራሉ።

‹‹ፎርማት የተደረገ ቢሆን እመልስልሽ ነበር። ፎርማት ብዙ ጊዜ ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፣ ሌላ ካልተጻፈበት መረጃው አለ። ይሄ ግን መጀመሪያም አልተጻፈም›› አለኝ። ብር ልሰጠው ስል አልቀበልም አለ።

ከአያቴ ፎቶዎች አንዷ ብቻ በግማሽ ተርፋለች፤ ስምንቱ ጊጋ ያለቀው እሷ ላይ ነበር። ከላይ የበሩ መቃን፣ ሻሿና ፊቷ እስከ አገጯ ይታያል፤ ከዚያ በታች ግራጫ ነው።

ለአያቴ ለመንገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አልተቆጣችም። እኔም ደፍሬ ‹‹እማማ፣ እንደገና ትነግሪኛለሽ? አሁን ጥሩ ካርድ አለኝ›› አልኳት።

‹‹ምኑን?›› አለችኝ። ‹‹ቤት የሚወራው ቤቱ እያለ ነው የኔ ልጅ። እዚህ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ የቱን ግድግዳ እያሳየሁ ልንገርሽ?››

አሁን ለትምህርቱም ሆነ ለሌላ ካርድ ስገዛ ሳልጽፍበት እሞላዋለሁ፣ አነበዋለሁ፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። አያቴ ደግሞ ባለፈው ፋሲካ ያቺን ግማሽ ፎቶ አሳጥበሽ አምጪልኝ ብላኝ ወሰድኩላት። ግራጫው ይቆረጥ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር።

‹‹ተዪው›› አለች፣ ‹‹ጉልበቴ እዚያ ጋ ነው ያለው።››